ዲኮሩ በካሽ፣ መህሩ በዱቤ? ሰርግን ሚዛን ሳያስቱ ስለማቀድ



ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባሉት የረጀብና የሸዕባን ሳምንታት፣ ከዒድ በኋላም በሸዋል፣ ኮልፌ ቀራንዮ የሰርግ ሰፈር ትሆናለች። ቅዳሜና እሁድ ከአጠና ተራ እስከ አስራ ስምንት፣ ከአየር ጤና እስከ ካራ ቆሬ፣ ከቤቴል እስከ ወይራ ሰፈር ድንኳን ያልተተከለበት መንደር ማግኘት ይቸግራል። አልሐምዱሊላህ፤ ወጣቶቻችን ትዳር ሲይዙ ማየት ትልቅ ደስታ ነው። በመምህርነት ዘመናችን ያስተማርናቸው ልጆች ዛሬ ሙሽራ ሆነው ሲጠሩን ደግሞ ደስታችን እጥፍ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ከእነዚሁ ወጣቶች ጋር ቁጭ ብለን ስናወጋ ሁለት ጭንቀቶች ተደጋግመው ይነሳሉ። ያላገቡት «ተስማምተናል፣ ቤተሰብም ያውቃል፣ ግን ለሰርጉ ብር አልሞላልንም» ይላሉ፤ አንዱ ዓመት ሌላውን እየወለደ ኒካሁ ይዘገያል። ያገቡት ደግሞ «ሰርጉ አንድ ቀን ነበር፣ እዳው ግን ይኸው እስካሁን አለ» ይላሉ።

ወጪያቸውን በወረቀት ላይ ስንዘረዝረው አንድ የሚገርም ነገር ብቅ ይላል። ለዲኮር፣ ለቪዲዮ፣ ለኬክና ለሰርገኛ መኪና ቀብድ ተከፍሎ ቀሪው ከሰርጉ ቀን በፊት በካሽ ይጠናቀቃል። «በኋላ ይሰጣታል» ተብሎ የሚተወው መህሩ ነው። ከዝርዝሩ ሁሉ አላህ ግዴታ ያደረገው ክፍያ በዱቤ ሲቀር፣ ማንም ያላስገደደን በካሽ ይከፈላል ማለት ነው። ሚዛኑ የሚዛባው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰርግን ከየት ጀምሮ ማቀድ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚቀድምና የትኛው ቢቀር እንደማይጎዳ በቅደም ተከተል እናያለን፤ ኢንሻአላህ።

ሸሪዓ የጠየቀውና ልማድ የጨመረው

አንድን ኒካህ ትክክለኛ የሚያደርጉት ነገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአብዛኞቹ ዑለሞች አቋም የሙሽራዋ ወሊይ፣ ሁለት ምስክሮች፣ ኢጃብና ቀቡል (የመስጠትና የመቀበል ቃል)፣ እንዲሁም የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ያስፈልጋሉ። መህር የሙሽራዋ መብት ነው። በውሉ ላይ መጠኑ ባይጠቀስ እንኳ ኒካሁ አይበላሽም፤ ነገር ግን እሷን መሰል ሴቶች የሚያገኙት መህር (መህሩል ሚስል) ይገባታል። ወሊማ ደግሞ በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ የጠነከረ ሱና ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው ልማድ ነው። አዳራሹ፣ ቬሎው፣ የሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ፣ የሽማግሌ ድግሱ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ የፓርክ ፎቶው፣ የጥሪ ካርዱ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ልማድ ሁሉ መጥፎ ነው አንልም። ሐራም ነገር እስካልተቀላቀለበት ድረስ የሰው ልማድ በፊቅህ ቦታ አለው። ችግሩ የሚመጣው የተፈቀደው ነገር ግዴታውን ሲውጠው ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ ባሮቹን ሲገልጽ፣ በወጪያቸው የማያባክኑም የማይሰስቱም፣ በሁለቱ መካከል የቆሙ እንደሆኑ ነግሮናል። ስለዚህ የምንፈልገው መካከለኛውን ነው። በሰርጋችን ቀን ዘመድ ወዳጅን ሳናስደስት መቅረትም ሚዛን አይደለም።

መህር፦ መጀመሪያ የሚመደብ ገንዘብ

በሱረቱ አን-ኒሳእ 4ኛው አንቀጽ ወንዶች የሴቶችን መህር በመልካም ፈቃድ እንዲሰጧቸው ታዘዋል። ገንዘቡ የሷ ነው፤ የአባቷም፣ የወንድሟም፣ የድግሱም አይደለም። መህሯን ወስዶ ለድንኳንና ለበሬ ማዋል የሚቻለው እሷ ሳትገደድ፣ ሳታፍርና ሳትለመን በራሷ ፈቃድ ስትሰጥ ብቻ ነው።

መጠኑን በተመለከተ የሰለፎች ሕይወት ሰፊ በር ከፍቶልናል። ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚስቶች መህር 500 ዲርሐም ነበር። ይህም በክብደት ወደ 1 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ የብር ማዕድን ነው። ዐሊይ (ረ.ዐ) ለፋጢማ (ረ.ዐ) የሰጡት የጦር ጥሩራቸውን ነበር። አንድ ምንም የሌለው ሰሐባ ደግሞ የብረት ቀለበት እንኳ ፈልጎ ሲያጣ ከቁርኣን በያዘው ተድሮለታል። ይህን ስናይ መህርን በማናር ወጣቱን ከኒካህ ማራቅም፣ አቅም እያለ «ለወጉ ያህል» ብሎ ማቃለልም ልክ እንዳልሆነ እንረዳለን።

መህርን ማዘግየት በሸሪዓ ይፈቀዳል። ግን የዘገየ መህር ተራ ቃል ኪዳን አይደለም፤ እውነተኛ እዳ ነው። ባል ቢሞት ንብረቱ ለወራሾች ከመከፋፈሉ በፊት እንደማንኛውም እዳ ከንብረቱ ላይ ይከፈላል። ስለዚህ ኒካህ ከመታሰሩ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ ይኑር፤ መልሱም በጽሑፍ ይስፈር።

አንደኛ፣ መህሩ ምንድን ነው፣ መጠኑስ ስንት ነው? ሁለተኛ፣ የዘገየ ከሆነ የሚከፈለው መቼ ነው? «አላህ ሲሰጠው» የሚል መልስ ቀን አይደለም። ሦስተኛ፣ ሙሽራው የሚገዛው ወርቅ መህር ነው ወይስ ስጦታ? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በሰርግ ሰሞን ሲነሳ ያሳፍራል፤ ሳይነሳ ከቀረ ግን፣ አላህ አያምጣውና፣ በመለያየት ጊዜ ትልቅ ጸብ ይሆናል። እሱ «መህሯ ነበር» ይላል፣ እሷ «ስጦታ ነው፣ መህሬ ገና አልተከፈለኝም» ትላለች። አንድ መስመር ጽሑፍ ይህን ሁሉ ይዘጋዋል። ጉዳዩ ሁለቱም ፈቅደው በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ወደተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ቢደርስ እንኳ ያ ጽሑፍ ማስረጃ ይሆናል።

ወሊማ፦ «በአንድ በግም ቢሆን»

ስለ ወሊማ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ወደ መዲና ተሰደው በባዶ እጃቸው ገበያ ወጡ፤ ነግደው አተረፉ፤ ከዚያም አንዲት የአንሷር ሴት አገቡ። መህሯም በተምር ፍሬ ክብደት ልክ ወርቅ ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በበግ አንድ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲደግሱ ያዘዟቸው ያኔ ነው።

በዚህ ሀዲስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋብቻውን ያወቁት በዐብዱረሕማን ላይ የሽቶ ቢጫ ምልክት አይተው ከጠየቋቸው በኋላ ነው። ከነብዩ በላይ በመዲና ሊጠራ የሚገባው ማን ነበር? ግን ሳይጠሩ ቀሩ፤ አልተቀየሙም፣ «እንዴት ሳልሰማ?» አላሉም፤ ባረኩላቸው እንጂ። እኛ ዘንድ የጥሪ ዝርዝር የሚረዝመው አብዛኛውን ጊዜ «እገሌ ይቀየማል» በሚል ነው። የሚጠራን ሁሉ የመጥራት ግዴታ እንደሌለብን፣ ሳንጠራ ብንቀርም መቀየም እንደማይገባን ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የራሳቸው ወሊማዎችም አንድ ወጥ አልነበሩም። ለዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) በግ አርደው ሰውን ዳቦና ሥጋ አብልተዋል፤ አነስ (ረ.ዐ) ከዚያ የበለጠ ወሊማ እንዳላዩ ተናግረዋል። ለሌላዋ ሚስታቸው የተደገሰው ሁለት እፍኝ ያህል ገብስ ነበር። ከኸይበር ሲመለሱ ሶፊያን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ ደግሞ የቆዳ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሰሐቦች እያንዳንዳቸው ያላቸውን ተምር፣ ቅቤና የደረቀ እርጎ አምጥተው አንድ ላይ ቀላቅለው ተበላ። አቅም ሲኖር በአቅም፣ ሳይኖር ባለው፤ ሲጠብም በመረዳዳት ማለት ነው። በኮልፌ ቤቶቻችን ጎረቤት እንጀራ ጋግሮ፣ እድር ሳህንና ወንበር አውጥቶ፣ የሰፈር እናቶች ቆጮውን አዘጋጅተውና ወጡን ሠርተው የሚደግሱት ሰርግ ከዚህኛው ሱና ጋር ይቀራረባል። «የድሮ ነው» ብለን ባናፍርበት መልካም ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። ከወሊማ ምግቦች ሁሉ መጥፎው ሀብታም ተጠርቶ ድሃ የሚታገድበት እንደሆነ በቡኻሪና ሙስሊም ተዘግቧል። ክፍለ ከተማችን አዲስ ፎቅ ያለባት፣ ከፎቁ ጥግ ደግሞ በዘነበወርቅና በቆሼ አካባቢ በችግር የሚኖሩ ወገኖች ያሉባት ናት። ወደ አዳራሽ የሚገባው በካርድ ብቻ በመሆኑ ድሃው በሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ገና ሲታቀድ ለምስኪኖች ድርሻ ይያዝ። የመስጂዱን ጀመዓ አማክሮ ከምግቡ የተወሰነው ቀድሞ ወደሚገባቸው ቤቶች እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ የተረፈውን ማታ ከማውጣት ይህ ይሻላል።

በጀቱን ከታች ወደ ላይ መሥራት

ብዙዎች በጀት የሚጀምሩት «ስንት ሰው እንጥራ?» ከሚለው ነው። እኛ የምንመክረው «ከሰርጉ ማግስት በምን እንኖራለን?» ከሚለው መጀመርን ነው። ያለውን ገንዘብ በዚህ ቅደም ተከተል መመደብ ይረዳል፦

1. መህር፤ ወይም ቢያንስ በቅድሚያ የሚከፈለው ድርሻ።
2. ቤት፤ ኪራይ፣ ፍራሽ፣ የማብሰያ እቃ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥና ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህን ማወቅ ለአዲስ ተጋቢዎች ይጠቅማል።
3. መጠባበቂያ፤ ለሦስት ወር የሚሆን የቤት ወጪ።
4. ወሊማ፤ ከላይ ካሉት በተረፈው ልክ።
5. ልማድና ማስዋቢያ፤ ከዚያም ከተረፈ።

ቁጥር በምሳሌ እንይ። ለአንድ እንግዳ ምግብና መጠጥ 700 ብር ይፈጃል እንበል፤ ይህ ለስሌት ያህል የወሰድነው ነው። 500 ሰው ከተጠራ 350 ሺህ ብር ይሆናል። 300 ሰው ከተጠራ 210 ሺህ ብር ነው። የሁለት መቶው ሰው ልዩነት 140 ሺህ ብር ነው። በወር 10 ሺህ ብር ለሚከፈልበት ቤት ይህ የ14 ወር ኪራይ ማለት ነው። ሁለት መቶ ሰው ለሁለት ሰዓት ከማስተናገድና ሁለት ሰዎችን ከአንድ ዓመት በላይ ከኪራይ ሐሳብ ከማሳረፍ የቱ ይበልጣል? እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቁጥር እያስገባ ያስላው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ቁጠባና የቤተሰብ እርዳታ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። እቁብም በሰፈራችን የታወቀ መንገድ ነው፤ ሁሉም ያዋጣውን ያህል የሚወስድበት እቁብ በብዙ ዑለሞች ዘንድ ይፈቀዳል። ሆኖም ለሰርጉ ቸኩሎ የሌላውን እጣ በጭማሪ መግዛት ወይም የራስን እጣ በቅናሽ መሸጥ በተግባር ገንዘብን በገንዘብ አበላልጦ መለወጥ ስለሆነ ወደ ሪባ ያስገባል።

በወለድ ተበድሮ ወሊማ መደገስ ሱናን በሐራም እንደመፈጸም ነው። በ2013 ሥራ የጀመሩት እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ለቁጠባ ጥሩ አማራጭ ናቸው። ከዘመድ የሚገኝ ቀርድ ሐሰን (ያለ ጭማሪ የሚመለስ ብድር) ካለም የመመለሻው ቀን ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን ብድሩ ለምን እንደሆነ እንጠይቅ። ለቤት እቃ የተበደረ ሰው እቃው ቤቱ ይቀራል፤ ለዲኮር የተበደረ ሰው ግን ዲኮሩ ማታውኑ ይነቀላል።

ኒካህን ማስቀደም ምን ያስከትላል?

ወጪውን በመፍራት ኒካህን ማዘግየት ወጣቶቹን ለፈተና ያጋልጣል። ለዚህም ብዙ ቤተሰቦች ዛሬ ኒካሁን አስቀድመው ሰርጉን ከወራት በኋላ ያደርጋሉ። መልካም መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ትርጉሙን ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ኒካህ ከታሰረ በኋላ «እጮኛ» የሚባል ነገር የለም፤ ባልና ሚስት ናቸው። አንዱ ቢሞት ሌላው ይወርሰዋል። ሐሳባቸውን ቢቀይሩ «ተውነው» ብሎ መለያየት አይቻልም፤ ፍቺ ያስፈልጋል። አብረው ከመሆናቸው በፊት ባልየው ቢፈታት ደግሞ፣ በሱረቱል በቀራ 237ኛው አንቀጽ መሠረት፣ የተወሰነው መህር ግማሹ ይገባታል፤ እሷ ይቅር ካላለች ወይም ካልተተወ በቀር። ስለዚህ ኒካህን «ቀለበት ማሰር» አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው። አብረው መኖር የሚጀምሩበትን ጊዜና እስከዚያ ያለውን የቀለብ ጉዳይ ሁለቱ ቤተሰቦች አስቀድመው ይነጋገሩበት።

የሁለት ቤት ምክክር

በሰፈራችን የስልጤው ልጅ ከወሎዋ፣ የጉራጌዋ ልጅ ከአርሲው ትጋባለች። የያንዳንዱ ቤት ልማድ የተለያየ ነው፤ አንዱ ቤት «ግዴታ» የሚለውን ሌላው ሰምቶት አያውቅም። ሽማግሌ ሲላክ ስለ ዘር ሐረግና ስለ ቀን ብቻ ተነጋግሮ መለያየት በኋላ ያስተዛዝባል። ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ከየቤቱ ሁለት ሁለት ሰው ተቀምጦ በአንድ ገጽ ወረቀት ይስማማ፤ ማን ምን ይከፍላል፣ ስንት ሰው ይጠራል፣ የቱ ይቀራል። ሙሽሮቹም በዚህ ላይ ድምፅ ይኑራቸው፤ የሚኖሩት እነሱ ናቸውና። አለበለዚያ ነገሩ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሆናል፤ በመጨረሻው ሳምንት በጥድፊያ የሚወሰን ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ውድ ነው።

እናቶችን ማድመጥም ያስፈልጋል። ለዓመታት በሰው ሰርግ ሲያግዙና ሲያዋጡ የኖሩ እናት «የኔ ልጅ ሲደርስ ማን ይብላልኝ?» ቢሉ ከንቱ ጉራ አይደለም። እንዲህ ሲሉ «ኢስራፍ ነው» ብሎ አፋቸውን ከመዝጋት፣ የእድራቸውን ሴቶች በሌላ ቀን ቤት ጠርቶ በቀላል ምሳ ዱዓ ማስደረግ ሁለቱንም ወገን ያስደስታል።

የሰርጉ ቀንና ጎረቤት

ፕሮግራሙ ሲወጣ መጀመሪያ የሶላት ሰዓቶች ይጻፉ፤ ሌላው በመካከላቸው ይግባ። ሙሽራዋ ከሜካፑ በፊት ዉዱእ ታድርግ፤ ውሃ የሚከለክል የጥፍር ቀለም ባይደረግ ይመረጣል። የፎቶው ጉዞ ዙህርና ዐስርን እንዳይበላ ቦታው ከመስጂድ ያልራቀ ይሁን። በዓመታት ዱዓ የተገኘን ቀን ሶላት በማሳለፍ ማክበር አያምርም።

ደስታን መግለጽ ከዲናችን ነው፤ በሰርግ ድቤ መምታትና ማዜም በሀዲስ መሠረት አለው። ነገር ግን እስከ እኩለ ሌሊት የሚጮህ ሞንታርቦ የታመመን፣ አራስንና ለፈተና የሚያጠናን ልጅ ይጎዳል። ድንኳኑ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ከወረዳው ጋር መነጋገር፣ ለጎረቤትም ቀድሞ መንገር ይገባል። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም፣ አባቶቻችን እንደሚያደርጉት፣ ምግባቸው ለብቻ እንዲሰናዳ ቀድሞ ይታሰብ፤ ቀኑ በጾማቸው ላይ ከዋለ የጾም ምግብ ይኑር። የጎረቤት ሐቅ በሰርግ ቀን አይቋረጥም።

ምዝገባውን አለመርሳት

በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል፤ ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸውና ፈቃዳቸውን በነፃነት የሰጡ መሆን አለባቸው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረትም ጋብቻው በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነትነት መመዝገብ አለበት። የኒካሁን ወረቀት፣ መታወቂያና ምስክሮችን ይዞ ወደ ወረዳው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው። ይህን «በኋላ ይደርሳል» ብሎ መተው ለልጅ ልደት ምዝገባ፣ ለውርስና ለጉዞ ሰነድ ጣጣ ያመጣል፤ የሚጎዱትም ብዙ ጊዜ ሚስትና ልጆች ናቸው።

ለማጠቃለል

ሰርግ የትዳር በር ነው፤ በሩን ለማስጌጥ ብለን ቤቱን ባዶ ማድረግ የለብንም። ወጣቶች ሆይ፣ ኢስቲኻራ አድርጉ፣ ወላጆቻችሁን አማክሩ፣ ከዚያም ወረቀትና እስክሪብቶ አንሱና ከመህሩ ጀምሩ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ለኒካህ ሲመጡ «ስንት አለህ?» ከማለታችሁ በፊት «እንዴት እናቅልልላችሁ?» በሉ። እኛ ተጋባዦችም ድርሻ አለን፤ የተደገሰልንን በልተን እንመርቅ፣ ወጥተን ስለ ዲኮሩና ስለ ሥጋው ብዛት አንተች። ቤተሰብን ወደ እዳ የሚገፋው አንዱ የኛው ሐሜት ነውና።

አላህ ለተጋቡት በረካ ያድርግላቸው፣ በመልካምም ያሰባስባቸው፤ ላላገቡት ሷሊሕ የትዳር አጋር ይወፍቃቸው፤ እዳ ያለባቸውን እዳቸውን ያቅልላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።